የቤት አቅርቦት እንዲጨምር መንግሥትን ምን እንጠይቅ? ለግንባታው ዘርፍ ማኅበራት የንጽጽር መመሪያ

ከዓመታት በፊት በአንድ የግንባታ ማኅበር የጉትጎታ ኮሚቴ ውስጥ ነበርኩ። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ከአንድ ከፍተኛ ባለሥልጣን ጋር የ40 ደቂቃ ቀጠሮ አገኘን። ይዘን የገባነው ሰነድ 17 ጥያቄዎች ነበሩበት፤ ከግብር ቅነሳ እስከ ሲሚንቶ ቀረጥ፣ ከግንባታ ፈቃድ እስከ ባንክ ወለድ ያልነካነው ነገር አልነበረም። ሰውየው ሰነዱን በትዕግሥት አገላብጠው ሲጨርሱ ቀና አሉና «ዘንድሮ አንዱን ብቻ ልፈጽምላችሁ ብል የትኛውን ትመርጣላችሁ?» አሉን። አምስት ነበርን። አምስታችንም የተለያየ መልስ ሰጠን። ቀጠሮው በዚያው አለቀ።

ይህን የምጽፈው ያ ጥያቄ ሲመጣ አንድ መልስ ይዞ መገኘት ለሚፈልግ ሰው ነው፦ ለሥራ ተቋራጮች፣ ለቤት አልሚዎች፣ ለመሐንዲሶችና ለማኅበራቸው አመራሮች። ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጦ ጥያቄውን ለሚሰማው ኃላፊም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ የቀረበለት ጥያቄ ቤት የሚያመጣ ይሁን ወይም የአቅራቢውን ትርፍ ብቻ የሚያሳድግ ይሁን መለየት አለበትና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ሥራው የታነቀው የት ነው?

አንድ ቤት ሰው እስኪገባበት ድረስ በስድስት በር ያልፋል። መሬት ይገኛል። ውሃ፣ መንገድ፣ መብራትና የፍሳሽ መስመር ይደርሰዋል። ፈቃድ ይወጣለታል። ገንዘብ ይገኝለታል። የሚሠራው እጅና የሚሠራበት ዕቃ ይቀርባል። በመጨረሻ መግዛት ወይም መከራየት የሚችል ሰው ይመጣል። ከስድስቱ በሮች አንዱ ብቻ ጠባብ ቢሆን ሌሎቹን አምስቱን ማስፋት ሰልፉን አያሳጥረውም። ውሃ ለሌለው መሬት ፈቃድ ማፋጠን፣ ፈቃድ ለማይወጣበት ሰፈር ብድር ማርከስ፣ ግንበኛ በጠፋበት ዓመት መሬት ማከፋፈል፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ያምራሉ። ቁልፍ የሚረከብ ሰው ግን አይጨምሩም። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ችግሩ ትልቅ መሆኑ የሚያከራክር አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የሰዎች መኖሪያ ፕሮግራም (ዩኤን-ሃቢታት) እስከ 2030 ድረስ ያለውን ፍላጎት ለማሟላት በዓለም ዙሪያ በየቀኑ 96 ሺህ ተመጣጣኝ ዋጋ ያላቸው ቤቶች እንደሚያስፈልጉ ገምቷል። ትልቅ ግብ ማወጅ ደግሞ ብቻውን በር አይከፍትም። አውስትራሊያ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ በአምስት ዓመት 1.2 ሚሊዮን ቤት ለመሥራት አቅዳለች፤ በዓመት ሲታሰብ 240 ሺህ መሆኑ ነው። ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ግንባታው ከዚያ ፍጥነት በታች ሄዷል። ስለዚህ «መንግሥት ግብ ያስቀምጥልን» የሚለውን ጥያቄ ከንጽጽሩ አስወጥቼዋለሁ። ግብ ጥሩ መለኪያ ይሆን ይሆናል፣ መፍትሔ ግን አይደለም።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት ሚዛኑን እናስተካክል። እኔ አምስት ነገሮችን እመለከታለሁ።

የመጀመሪያውና ከሁሉ የሚከብደው፣ ጥያቄው ባይፈጸም ኖሮ የማይሠራ ቤት ያስገኛል ወይ የሚለው ነው። ብዙ ጥያቄዎች እዚህ ላይ ይወድቃሉ፤ ለማንኛውም ይሠራ የነበረውን ቤት ትርፍ ከፍ ያደርጋሉ እንጂ ቤት አይጨምሩም። ሁለተኛው ጊዜ ነው፤ ውሳኔው ከተፈረመበት ቀን እስከ ቁልፍ ርክክብ ድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል? ሦስተኛው ወጪ ነው፤ ማን ይከፍላል፣ አንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ? አራተኛው ጥቅሙ የት ይወድቃል የሚለው ነው፤ ነዋሪው ኪስ ይደርሳል ወይስ መሬቱን ቀድሞ የያዘው ሰው ዘንድ ይቀራል? አምስተኛው ገበያው ሲቀዘቅዝ ይቆማል ወይ የሚለው ነው።

አምስተኛውን አቅልላችሁ አትዩት። አየርላንድ በ2006 ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ቤት ሠርታ ነበር። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ በ2013 ከ10 ሺህ በታች ሆነ፤ በ2010 በተደረገ ቆጠራም ከ2,800 በላይ ያላለቁ የመኖሪያ መንደሮች ተገኝተዋል። ያኔ ሙያውን የለቀቀ አናጺና ግንበኛ ፍላጎት ሲያገግም አብሮ አልተመለሰም። በአንድ ክፉ ዓመት የሚፈርስ አቅም ተመልሶ የሚገነባው በአሥር ዓመት ነው።

አንድ፦ የፈቃድ ጊዜን ማሳጠር

የአንድ ባለአራት ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ፋይል ከቢሮ ቢሮ ተከትዬ አውቃለሁ። አረንጓዴ ክላሰር ነበር፤ ጫፉ በመጨረሻ ተበልቶ በፕላስተር ተለጥፏል። 11 ፊርማ ያስፈልገው ነበር። ስምንቱ በአንድ ሳምንት ተገኙ፤ ሦስቱ ዘጠኝ ወር ፈጁ። በአምስተኛው ወር የእሳት አደጋ መርማሪው የደረጃው ስፋት በ10 ሴንቲ ሜትር እንዲጨምር አዘዘ። ደረጃው ሲሰፋ የአጠገቡ ኮለን (ምሰሶ) ተገፋ፤ ኮለኑ ሲገፋ የስትራክቸር መሐንዲሱ ስሌት ተለወጠ፤ ስሌቱ ሲለወጥ ፋይሉ ወደ መጀመሪያው ጠረጴዛ ተመለሰ። መርማሪው ትክክል ነበር፤ ሰው በጭስ ውስጥ የሚሮጥበት ደረጃ መጥበብ የለበትም። ጥፋቱ አስተያየቱ በመጀመሪያው ሳምንት መምጣት ሲገባው በአምስተኛው ወር መምጣቱ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ የመሬቱ ብድር ወለድ ይቆጥር ነበር፤ ወለዱን በመጨረሻ የከፈሉት ቤቱን የገዙት ቤተሰቦች ናቸው።

ስለዚህ «ፈቃድ ይፋጠንልን» ብሎ በደፈናው መጠየቅ ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው በዝርዝር ነው፦ ሁሉም መርማሪዎች ፋይሉን በተራ ሳይሆን እኩል ይዩት፤ የጎደለ ሰነድ ካለ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ደብዳቤ ይነገር፤ የውሳኔ ቀነ ገደብ በሕግ ይቀመጥ፤ ገደቡ ሲያልፍ የሚከተለው ነገርም አብሮ ይጻፍ። ካሊፎርኒያ በግቢ ውስጥ ለሚሠሩ ተጨማሪ ትንንሽ ቤቶች ያደረገችው ይህንን ነው። ደንቡን ያሟላ ማመልከቻ ስብሰባና ክርክር ሳያስፈልገው እንዲጸድቅ፣ ውሳኔውም በ60 ቀን ውስጥ እንዲሰጥ፣ ካልተሰጠ እንደጸደቀ እንዲቆጠር በተከታታይ ሕጎች ወሰነች። በ2016 ከ1,500 ያልበለጠው የእነዚህ ቤቶች ፈቃድ በ2022 ከ20 ሺህ አልፏል።

የዚህ ጥያቄ ትልቁ ጥቅም ርካሽነቱ ነው፤ መንግሥት ሠራተኛ ይጨምር፣ አሠራር ይቀይር ይሆናል እንጂ ከግምጃ ቤት የሚወጣ ብዙ ገንዘብ የለም። ድክመቱ ደግሞ ፈቃድ ቤት አለመሆኑ ነው። ገበያው ሲቀዘቅዝ የጸደቀ ፕላን መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ከራሳችን ወገን ያለውንም ልንናገር ይገባል፦ ከሚጓተቱት ፋይሎች ብዙዎቹ የሚጓተቱት ሥዕሉ ያልተሟላ ስለሆነ ነው። አባሎቹ የተሟላ ፋይል እንዲያስገቡ የማያስገድድ ማኅበር ቢሮውን ለመክሰስ አፉ ይያዛል።

ሁለት፦ በአንድ መሬት ላይ ብዙ ቤት እንዲሠራ መፍቀድ

በብዙ ከተሞች ከመሬቱ አብዛኛው ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ብቻ የተከለለ ነው። እዚያ ሦስትና አራት ቤት ጎን ለጎን፣ ወይም ባለሦስት ፎቅ አፓርታማ እንዲሠራ መፍቀድ አዲስ መሬት ሳይጠየቅ ቤት ይጨምራል፤ መንገዱም ቧንቧውም ቀድሞ ስላለ።

የኒውዚላንዷ ኦክላንድ በ2016 መሪ ደንቧን ስትቀይር ከመኖሪያ መሬቷ ወደ ሦስት አራተኛ በሚጠጋው ላይ ከበፊቱ የበለጠ ቤት እንዲሠራ ፈቀደች። በተከተሉት ዓመታት የግንባታ ፈቃድ ቁጥር ወደ ክብረ ወሰን ወጣ፤ ጭማሪውም በአብዛኛው የታየው ደንቡ በላላባቸው ሰፈሮች ነው፣ ጎን ለጎን በተያያዙ ቤቶች መልክ። የአሜሪካዋ ከተማ ሂውስተን ቀደም ብላ በ1998 በመሐል ከተማዋ ለአንድ ቤት የሚጠየቀውን ዝቅተኛ የቦታ ስፋት ከ465 ካሬ ሜትር ገደማ ወደ 130 ካሬ ሜትር ገደማ አወረደች፤ በ2013 ደንቡን ወደ ሌላው የከተማው ክፍል አሰፋችው። አንድ አሮጌ ቤት የነበረበት ቦታ ሦስት ቤት ያዘ። ሂውስተን ተቃውሞን ያበረደችበት መንገድ መታወቅ አለበት፤ ደንቡን የማይፈልግ መንደር ነዋሪዎቹ ፈርመው ራሳቸውን እንዲያስወጡ በር ተወላቸው። ጃፓን ደግሞ የመሬት አጠቃቀም ምድቦቹን በአገር አቀፍ ሕግ ስለወሰነች እያንዳንዱ ሰፈር የየራሱን ክልከላ መፈልሰፍ አይችልም።

እዚህ ላይ ጠያቂውን የሚያታልል ነገር አለ። ደንቡ ሦስት ፎቅ ይፈቅድና ከአጥር የሚሸሸው ርቀት፣ የቁመት ገደቡና የመኪና ማቆሚያ ግዴታው አንድ ላይ ሲሰሉ ሦስተኛው ፎቅ የሚያርፍበት ቦታ ይጠፋል። ለአንድ መኪና ማቆሚያ መዞሪያው ሲደመር ከ25 እስከ 30 ካሬ ሜትር ይወስዳል፤ ይህ የአንዲት ስቱዲዮ ቤት ስፋት ነው። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሚኒያፖሊስ በሁሉም ሰፈር እስከ ሦስት መኖሪያ መሥራትን ከፈቀደች በኋላ በ2021 አስገዳጅ የመኪና ማቆሚያን ጭራሽ ያነሳችው በከንቱ አይደለም። ጥያቄያችሁን ከማቅረባችሁ በፊት አንድ ወጣት አርክቴክት በአንድ እውነተኛ ቦታ ላይ በአዲሱ ደንብ ሕንፃ እንዲስል አድርጉ። መሳል ካልቻለ ደንቡ ቤት አያመጣም።

ችግሩ ጊዜና ፍትሕ ላይ ነው። ደንቡ የተቀየረ ዕለት የመሬቱ ዋጋ ይወጣል፤ ቤቱ የሚመጣው ግን ባለመሬቱ ለመሸጥ ወይም ለመሥራት ሲወስን ነው፣ ያም ዓመታት ይፈጃል። በጥቂት ሰፈሮች ብቻ ከተፈቀደ ባለመሬቶቹ ትርፉን ጠቅልለው ይይዛሉ። በሰፊው ሲፈቀድ ግን አልሚው አማራጭ ስለሚኖረው ዋጋ መጫን ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ስትጠይቁ ሰፋ አድርጋችሁ ጠይቁ። ተቃውሞም ይኖራል፤ ሰፈሩ ውስጥ ያለው ሰው ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ይናገራል፤ ገና ያልተሠራው ቤት ውስጥ የሚኖረው ቤተሰብ ግን ስብሰባው ላይ ወንበር የለውም። ለእሱ የሚናገርለት ማኅበር መኖር አለበት፤ ለእኔ የዚህ ሥራ ክብሩ እዚህ ላይ ነው።

ሦስት፦ መሠረተ ልማት የደረሰው መሬት

32 መኖሪያ ያለው አንድ ሕንፃ ቀለሙ ደርቆ፣ መስታወቱ ተገጥሞ፣ የበር እጀታው ሳይቀር ተወልውሎ 14 ወር ባዶውን ሲቆም አይቻለሁ። የጎደለው 600 ሜትር የፍሳሽ መስመር ነበር። ዘበኛው በየጠዋቱ ፎቅ ለፎቅ እየዞረ መስኮቶቹን ይከፍት ነበር፤ እርጥበት ግድግዳውን እንዳይበላው። ከገዢዎቹ አንዷ በየወሩ እየመጣች ከታች ቆማ የራሷን መስኮት ታይ ነበር። የቤት ኪራይም የባንክ ዕዳም እኩል ትከፍል ነበር።

ይህ በር የታነቀበት ቦታ ሌላ ጥያቄ ማቅረብ ጊዜ ማባከን ነው። ከባዱ ጉዳይ ወጪው ነው፤ ቧንቧና መንገድ ቀድሞ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ገቢው የሚመጣው በኋላ ነው። ሦስት ዓይነት መንገድ አለ። አንደኛው አልሚው በቅድሚያ እንዲከፍል ማድረግ ነው፤ ግልጽ ነው፣ ነገር ግን ክፍያው ግንባታው ሳይጀመር ስለሚጠየቅ ትንንሽ አልሚዎችን ከጨዋታ ያስወጣል። ሁለተኛው መንግሥት ከአጠቃላይ ግብር እንዲከፍል ነው። ሦስተኛው ተበድሮ ሠርቶ የአካባቢው ነዋሪዎች ለረጅም ዓመታት እንዲከፍሉት ማድረግ ነው። በቴክሳስ ለውሃና ፍሳሽ የሚቋቋሙ ልዩ ወረዳዎች ቦንድ ሸጠው መስመሩን ይዘረጋሉ፤ ዕዳው ከወረዳው የንብረት ግብር ይመለሳል። ኒውዚላንድም በ2020 ተመሳሳይ ሐሳብ ያለው ሕግ አውጥታለች። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ፤ 50 ዓመት የሚያገለግል ቧንቧ በአንድ ዓመት ገዢዎች ጫንቃ ላይ መጫን የለበትም።

ገንዘብ የማይጠይቅ ጅማሮም አለ። ውሃና ፍሳሽ መሥሪያ ቤቱ በየትኛው ሰፈር ስንት ቤት የሚበቃ ትርፍ አቅም እንዳለው የሚያሳይ ካርታ በየዓመቱ ያውጣ። አልሚ ይህን አውቆ መሬት ቢገዛ ያ ሕንፃ 14 ወር አይቆምም ነበር።

አራት፦ ለገዢ ድጎማና ርካሽ ብድር

አባሎቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ጥያቄ ይህ ነው። እኔም አንድ ጊዜ ተሟግቼለታለሁ። ለመሸጥ የደረሰ ቤት ያለው አልሚ ገዢ ሲመጣለት ወዲያው ይታየዋል፤ ፖለቲከኛውም ወጣት ባልና ሚስት ቁልፍ ሲቀበሉ ፎቶ ይነሣል።

ግን የእንግሊዝን ልምድ ተመልከቱ። ከ2013 እስከ 2023 በቆየው ዕቅድ መንግሥት አዲስ ቤት ለሚገዙ ሰዎች ከዋጋው እስከ 20 በመቶ፣ ከ2016 ወዲህ በለንደን እስከ 40 በመቶ አበደረ። ውጤቱን ያጠኑ ኢኮኖሚስቶች ያገኙት ነገር ለእኛ ትምህርት ነው። መሬትና ፈቃድ በታነቀበት በለንደን የአዲስ ቤት ዋጋ ወጣ፣ ግንባታው ግን በሚታይ መጠን አልጨመረም። ቤት መሥራት በሚቀልበት በዌልስ ድንበር አካባቢ ደግሞ ተቃራኒው ሆነ፤ ግንባታ ጨመረ፣ ዋጋ አልወጣም። ገንዘቡ አንድ ዓይነት ነው፤ የለየው ከበስተኋላ ያለው በር መከፈቱና አለመከፈቱ ነው።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ መሬት፣ ቧንቧና ፈቃድ ባሉበት፣ ገዢ ብቻ በጠፋበት ጊዜ ጠይቁት፤ ማብቂያ ቀን አስቀምጡለት። ሌላ ጊዜ አትጠይቁት። በታነቀ ገበያ ውስጥ ድጎማ መጠየቅ ነዋሪው የሚከፍለውን ዋጋ ለማስወደድ መጠየቅ ነው። ያንን የጠየቀ ማኅበር ከሦስት ዓመት በኋላ ስለ ሌላ ጉዳይ ሲመጣ ቃሉን የሚያምን አያገኝም።

አምስት፦ የመንግሥትና ትርፍ የማያሳድዱ ተቋማት ግንባታ

«መንግሥት ተወዳዳሪ ሊሆንብን ነው» የሚል ቅሬታ ከአባላት ይመጣል። ቤቱን የሚሠራው ማነው ብዬ እመልሳለሁ፤ ጨረታውን የሚያሸንፈው እኛው ነን።

ሲንጋፖር የቤቶች ቦርዷን በ1960 አቋቁማ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ከ50 ሺህ በላይ መኖሪያዎችን ሠራች፤ ዛሬ ከነዋሪዎቿ ወደ 80 በመቶ የሚጠጉት በቦርዱ ቤቶች ይኖራሉ። ቪየና ከ1920ዎቹ ጀምራ የሠራችውን ሳትሸጥ ይዛ ዛሬ ወደ 220 ሺህ የሚጠጉ የከተማ ቤቶችን ታከራያለች። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 በአሥር ዓመት አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ሠርታለች። ሦስቱም ያሳዩት ትልቅ ቁጥር የሚቻል መሆኑን ነው። የጠየቁትም ዋጋ አለ። ሲንጋፖር መሬት የማስለቀቅ ሰፊ ሥልጣን ለመንግሥት የሰጠ ሕግ በ1966 አውጥታለች፤ ለባለይዞታ የሚከፈለው ካሳ ፍትሐዊነት የትም አገር ቢሆን መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው። በስዊድንም ግንባታው ሲገባደድ በአንዳንድ አዳዲስ ሰፈሮች ባዶ ቤቶች ተርፈዋል፤ ቁጥር ለማሟላት ሲሮጥ ሰው የት መኖር ይፈልጋል የሚለው ተዘነጋ።

የዚህ አማራጭ ልዩ ብርታት አምስተኛው መመዘኛችን ላይ ነው። የግል ገበያው ሲቆም መንግሥት ካዘዘ ግንበኛው ከሙያው አይወጣም። ስለዚህ የሚጠየቀው አንድ ትልቅ ፕሮጀክት አይደለም፤ በየዓመቱ የማይቋረጥ፣ ለብዙ ዓመታት አስቀድሞ የታወቀ ትዕዛዝ ነው። ከዚያ ጋር ክፍያ በወቅቱ እንዲፈጸም በውል ይታሰር። ክፍያው ለዘገየበት ትንሽ ተቋራጭ የመንግሥት ሥራ ማግኘት የኪሳራ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል።

ስድስት፦ ሙያተኛና ፋብሪካ

ጥሩ ግንበኛ፣ ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጥሩ ኤሌክትሪሺያን በሦስትና በአራት ዓመት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ዛሬ የሚጠየቀው ሥልጠና ለዛሬው እጥረት አይደርስም፤ ቢሆንም ሁልጊዜ መጠየቅ ያለበት ነው፤ እኛም ሠልጣኞችን በየሳይታችን ለመቀበል ቃል ገብተን።

ቤትን በፋብሪካ መሥራት ተስፋው ትልቅ ነው። በስዊድን አብዛኛው ነጠላ ቤት ከፋብሪካ በወጡ ክፍሎች ይገጣጠማል። ነገር ግን ፋብሪካ የሚኖረው በማይቋረጥ ትዕዛዝ ነው። በ2015 የተመሠረተው የአሜሪካው የተገጣጣሚ ቤት ኩባንያ ካቴራ ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቦ በ2021 ኪሳራ አውጇል። ስለዚህ «ለተገጣጣሚ ቤት ድጋፍ» የሚለውን ለብቻው ከማቅረብ ከላይ ካለው የማይቋረጥ ትዕዛዝ ጋር አያይዙት።

ሰባት፦ የግንባታ ደረጃን ዝቅ ማድረግ

ሁለት ነገር እንለይ። ቤቱ ትንሽ ወይም ያላለቀ እንዲሆን መፍቀድ አንድ ነው፤ የማያስተማምን እንዲሆን መፍቀድ ሌላ። ቺሊ ውስጥ ኢኪኬ ከተማ በ2004 የተሠራው ኪንታ ሞንሮይ ሰፈር ለመጀመሪያው ዓይነት ምሳሌ ነው። ለአንድ ቤተሰብ በተመደበው 7,500 ዶላር ሙሉ ቤት ስለማይወጣ አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬና ለ93 ቤተሰቦች ግማሽ ቤት ሠራ፦ አጥንቱን፣ ደረጃውን፣ መታጠቢያና ማብሰያውን። ሌላውን ግማሽ ቤተሰቡ አቅሙ በፈቀደ ጊዜ ሞላው። እንዲህ ያለ ደንብ እንዲፈቀድ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለተኛው ግን ፈጽሞ መጠየቅ የለበትም። ቱርክ በ2018 ደንብ ለጣሱ ሕንፃዎች ክፍያ ተቀብላ ምሕረት አደረገች፤ በየካቲት 2023 በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአገሪቱ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ከፈረሱት ሕንፃዎች ብዙዎቹ ደንብ ያልተከበረባቸው ነበሩ። ለንደን ውስጥ ግሬንፌል የተባለው ሕንፃ በ2017 ሲቃጠል 72 ሰዎች አለቁ፤ እሳቱን በግድግዳው ሽቅብ ያስኬደው የውጭ ሽፋኑ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ስለ ፌሮ መጠን፣ ስለ እሳት መውጫና ስለ አርማታ ጥራት ማኅበራችን ጥያቄ ካለው ደንቡ እንዲጠብቅ መሆን አለበት እንጂ እንዲላላ አይደለም።

በአንድ እይታ

| ጥያቄ | አዲስ ቤት ያመጣል? | ውጤቱ መቼ | የመንግሥት ወጪ | ጥቅሙ ወዴት ያደላል | ገበያ ሲቀዘቅዝ |
|---|---|---|---|---|---|
| ፈቃድ ማፋጠን | መጓተቱ ዋና ችግር ከሆነ አዎ | ከ1 እስከ 3 ዓመት | ዝቅተኛ | አልሚና ገዢ | ይቆማል |
| ብዙ ቤት መፍቀድ | በሰፊው ከተፈቀደ በጣም | ከ3 እስከ 10 ዓመት | ዝቅተኛ | መጀመሪያ ባለመሬት፣ በኋላ ነዋሪ | ይዳከማል |
| መሠረተ ልማት | አዎ | ከ2 እስከ 6 ዓመት | ከፍተኛ፣ ሊመለስ የሚችል | ነዋሪና ባለመሬት | ይቀጥላል |
| የገዢ ድጎማ | በሮቹ ክፍት ከሆኑ ብቻ | በወራት | ከፍተኛ | ሻጭና ባለመሬት | ያን ጊዜ ይጠቅማል |
| የመንግሥት ግንባታ | አዎ | ከ3 እስከ 5 ዓመት | በጣም ከፍተኛ | ነዋሪ | ይቀጥላል |
| ሙያና ፋብሪካ | ቀስ ብሎ | ከ4 ዓመት በላይ | መካከለኛ | ሠራተኛና ነዋሪ | ትዕዛዝ ከሌለ ይፈርሳል |
| ትንሽ ወይም ያላለቀ ቤት | አዎ፣ ለዝቅተኛ ገቢ | ከ1 እስከ 3 ዓመት | ዝቅተኛ | ነዋሪ | ይቀጥላል |

የጊዜ ግምቶቹ የእኔ የሥራ ግምቶች ናቸው፤ እንደየቦታው አስተካክላችሁ ተጠቀሙባቸው።

ለእናንተ የትኛው?

ማኅበራችሁ ትንሽ ከሆነ፣ አንድ ጸሐፊና የሚከራይ ቢሮ ብቻ ካላችሁ፣ ፈቃድን ያዙ። ማስረጃው በአባሎቻችሁ መሳቢያ ውስጥ ስላለ ጥናት የሚያስጠና ገንዘብ አያስፈልጋችሁም፤ የምትሟገቱትም ከአንድ መሥሪያ ቤት ጋር ነው።

ጠበቃና ኢኮኖሚስት መቅጠር የሚችል ትልቅ ማኅበር ከሆናችሁ የቤት ብዛት ደንቡን ያዙ። ረጅም ሥራ ነው፤ ከአንድ የምርጫ ዘመን ያልፋል፤ ተከራዮችን፣ አሠሪዎችን፣ ልጆቻቸው ከተማው ውስጥ ቤት ማግኘት ያቃታቸውን ወላጆች አብራችሁ ማሰለፍ አለባችሁ። ለብቻው የቆመ የአልሚዎች ማኅበር ይህን ክርክር ሲያሸንፍ አላየሁም።

አባሎቻችሁ በአብዛኛው በከተማ ጠርዝ የሚሠሩ ከሆኑ ከመሠረተ ልማት ውጪ ያለው ሁሉ ይቆይ። የአቅም ካርታውን በመጀመሪያ ጠይቁ፤ የገንዘቡን ክርክር በሁለተኛው ዓመት።

ገበያው ወድቆ ሳይቶች ከተዘጉ የፈቃድና የደንብ ጥያቄ ሰሚ አያገኝም፤ የመንግሥት ትዕዛዝ እንዲቀጥል ጠይቁ፤ ለገዢ የሚሰጥ ጊዜያዊ ድጋፍም ቦታው ይህ ነው። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የምትሠሩ ከሆነ ግን የግማሽ ቤት ደንብና መሠረተ ልማት ተጣምረው ይሂዱ፤ ያላለቀ ቤት ይኖርበታል፣ ውሃ የሌለው ቤት አይኖርበትም።

ጥያቄውን የምትሰሙት ኃላፊዎች ደግሞ ለማንኛውም ማኅበር ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ይህ ቢፈጸም አባሎቻችሁ ስንት ቤት፣ በስንት ጊዜ ይጀምራሉ? ካልጀመሩስ ምን ትመልሳላችሁ? እኛ ይህን ለመመለስ ዝግጁ ካልሆንን መጠየቅም የለብንም።

ከቀጠሮው በፊት የሚሠራ አንድ ሥራ ቀርቷል። ከአባሎቻችሁ የተለያዩ አሥር ፕሮጀክቶችን ውሰዱ፤ የከሰረውንም ያተረፈውንም ቀላቅሉ። በአንድ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ መሬቱ የተገኘበትን፣ ፋይሉ የገባበትን፣ ፈቃዱ የወጣበትን፣ ቧንቧው የተገናኘበትን፣ ብድሩ የተለቀቀበትንና ቁልፉ የተረከበበትን ቀን ጻፉ። ከቀን ወደ ቀን ያለውን ርቀት ቁጠሩ። የእኛን ስንሠራ ከአምስታችን ሦስታችን የገመትነው በር ስህተት ሆኖ ተገኘ፤ ረጅሙ ቆይታ ከፈቃድ በኋላ፣ ውሃና ፍሳሽ በመጠበቅ ላይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ወደዚያው ቢሮ የገባነው 17ቱን ጥያቄ ትተን ያንን አንድ ገጽ ይዘን ነው። ባለሥልጣኑ ገጹን አይተው ጣታቸውን በአራተኛው ዓምድ ላይ አሳረፉና ስልክ አነሡ፤ የውሃና ፍሳሽ ኃላፊው ቀጠሯችን ሳያበቃ መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ።